ሯጭም አዝጋሚም የሚውሉበት ቀን

የዕረፍት ወራት በደረሰ ቍጥር በየቤቱ የሚነሣ አንድ ክርክር አለ። ልጆች መሮጥና ከፍ ዝቅ ማለት ይፈልጋሉ፤ አረጋውያን ተቀምጠው አየር መቀበልን ይመርጣሉ፤ አባትና እናትም በሁለቱ መካከል ሆነው ለየትኛው ወገን እንደሚያደሉ ይቸግራቸዋል። በመጨረሻውም ወይ ወጣቶቹ ሲያዛጉ ይውላሉ፤ ወይ አረጋውያኑ በእንግዳ ማረፊያ ቤት ብቻቸውን ይቀራሉ። ዕረፍት ቤተ ሰብን ለማቀራረብ የታሰበ ሳለ፤ እንዲህ ሲሆን ቤተ ሰብን የሚለያይ ሆኖ ይገኛል። በዚህ ወር በስኮትላንድ ገጠር፤ በሎክ ሎመንድ ሐይቅ ዳር ከዋልነው አንድ ቀን ተነሥተን ስለዚሁ ጉዳይ ጥቂት ለመናገር እንወዳለን። ዓመታቱን የምንጠቅሰው እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር፤ የቀኑን ሰዓት ግን እንደ አገራችን ልማድ ነው።

በመጀመሪያ ስለ ሥፍራው እንናገር። ባልማሀ የምትባለው ትንሽ መንደር ከግላስጎ ከተማ ወደ ሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በሐይቁ ምሥራቃዊ ዳር ትገኛለች። ሎክ ሎመንድ 71 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ስፋት ያለው ሲሆን፤ በታላቋ ብሪታንያ ደሴት ጨው የሌለበት ውሃ ካላቸው ሐይቆች ሁሉ በገጽ ስፋት የሚበልጠው የለም። ጣናን ለሚያውቅ ሰው ይህ ስፋት ትንሽ ሊመስለው ይችላል፤ ጣና ከዚህ ከ40 እጥፍ በላይ ይሰፋልና። ነገር ግን ጣና ጥልቅ በሆነበት ስፍራ እንኳ 15 ሜትር ገደማ ሲሆን፤ ሎክ ሎመንድ እስከ 190 ሜትር ያህል ይጠልቃል። በሁለቱም ሐይቆች ውስጥ ደሴቶች አሉ፤ በደሴቶቹም ላይ ከዓለም የተለዩ ሰዎች ኖረውባቸዋል። ወደዚህ ነገር በኋላ እንመለስበታለን። ሐይቁና ዙሪያው ከ2002 ጀምሮ ብሔራዊ ፓርክ ሆኖ ይጠበቃል፤ በስኮትላንድም የመጀመሪያው ብሔራዊ ፓርክ እርሱ ነው።

ከምንኖርበት ከሎንዶን ወደዚያ የሄድነው አምስት ሆነን ነው፤ እኛና ባለቤታችን፤ የ14 ዓመት ወንድ ልጃችን፤ የ9 ዓመት ሴት ልጃችን፤ እንዲሁም ከአዲስ አበባ ሊጠይቁን የመጡት እናታችን። እናታችን አባታችን ካረፉ ወዲህ ሁለት ዓመት ሙሉ ከቤተ ክርስቲያን በቀር ወዴትም መውጣት አይወዱም ነበር። ለዕረፍት ወደ ስኮትላንድ እንሂድ ባልናቸው ጊዜ ግን «ታቦታችንን የመለሱልን ሰዎች አገር አይደለም ወይ? እንዲያማ ከሆነ እሄዳለሁ» አሉ። ነገሩም እውነት ነው። በ1868 ከመቅደላ የተወሰደ አንድ ታቦት በኤዲንብራ ከተማ በቅዱስ ዮሐንስ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ተገኝቶ፤ በ2002 ወደ አዲስ አበባ ተመልሷል። እናታችንም በዚያን ጊዜ ታቦቱን ለመቀበል በእልልታ ከወጡት ሕዝብ መካከል ነበሩ።

ልጃችን በበኩሉ ስኮትላንድን የወደደው በሌላ ምክንያት ነበር። በባልማሀ በኩል «ዌስት ሃይላንድ ዌይ» የሚባል በ1980 የተከፈተ የእግር መንገድ ያልፋል። መንገዱ ከግላስጎ አጠገብ ካለችው ከሚልጋይ ተነሥቶ እስከ ፎርት ዊልያም 154 ኪሎ ሜትር ይዘልቃል፤ ምልክቱም በየምሰሶው ላይ የተቀረጸ የአሜከላ አበባ ነው። አብዛኛው ሰው ይህን መንገድ በአንድ ሳምንት ገደማ በእግሩ ይጨርሰዋል። ከ1985 ወዲህ ግን ሌሊትና ቀን ሳያርፉ በአንድ ጊዜ ሮጠው የሚፈጽሙት ሰዎች ተገኝተዋል። ልጃችን ይህን በሰማ ጊዜ እንቅልፍ አጣ፤ እርሱም ከዚህ መንገድ ጥቂቱን እንኳ ሮጦ ለመሄድ ተመኘ።

አበበ ቢቂላ በ1960 በሮም በባዶ እግሩ ሮጦ ካሸነፈ ወዲህ፤ በእኛ ዘንድ ሩጫ የክብርና የውድድር ነገር ሆኖ ሲታሰብ ይኖራል። በገጠር መንገድ፤ በጫካና በኮረብታ ላይ፤ ያለ ተወዳዳሪና ያለ ሰዓት የሚደረገው ሩጫ ግን ለብዙዎቻችን እንግዳ ነገር ነው። እናታችንም ጧት የሩጫ ልብስ ለብሰን ባዩን ጊዜ «ማን ሊያሳድዳችሁ ነው? ወይስ ሽልማት አለው?» ብለው ጠየቁን። አሳዳጅም ሽልማትም የለም አልናቸው። እርሳቸውም ራሳቸውን ነቅንቀው «እንግዲያው ለምን አታዘግሙም?» አሉ። ጥያቄው ቀላል ቢመስልም ቀኑን ሙሉ ከእኛ ጋር ዋለ።

ከመነሣታችን በፊት ስንቃችንን ሸከፍን። ወሩ ሰኔ፤ ጊዜውም የሐዋርያት ጾም ስለ ነበረ፤ ያዘጋጀነው ቆሎ፤ ተምርና በሶ ነበረ። በሶን ለመንገደኛ የሚመርጥ የእኛ አገር ሰው ብቻ አይደለም። የስኮትላንድም ሰዎች ከጥንት ጀምሮ የአጃ ዱቄት በከረጢት ይዘው በየተራራው ይጓዙ ነበር። በ14ኛው መቶ ዓመት የኖረው ፈረንሳዊ ታሪክ ጸሐፊ ፍሯሳር፤ የስኮትላንድ ወታደሮች የአጃ ዱቄትና ስስ የብረት ምጣድ በኮርቻቸው ላይ ይዘው እንደሚዘምቱ ጽፏል። የአጃውን ዱቄት በፈላ ውሃ በጥብጠው የሚበሉትንም ምግብ ብሮዝ ብለው ይጠሩታል። እናታችን ይህን ሲሰሙ «ብሮዝ ማለት በሶ ነዋ» ብለው ሣቁ። የስሙ መመሳሰል እንዲያው የአጋጣሚ ነገር ነው፤ የመንገደኛው ብልኀት ግን አንድ ነው፤ የሚቀልና የማይበላሽ ስንቅ፤ ውሃ በተገኘበት የሚበላ።

ከዚያም የቀኑን ሥርዐት ቈረጥን። ከጧቱ 3 ሰዓት እኛና ልጃችን ወደ ኮረብታው በሩጫ እንድንወጣ፤ እናታችን፤ ባለቤታችንና ታናሺቱ ልጃችን በሐይቁ ዳር ቀስ ብለው እንዲመላለሱ፤ በ8 ሰዓት ደግሞ አምስታችንም በጀልባ ወደ ደሴቱ እንድንሻገር ተስማማን። በሰኔ ወር በዚያ አገር ፀሐይ የምትወጣው ከሌሊቱ 10 ሰዓት ተኩል ገደማ ሲሆን፤ የምትጠልቀው ከምሽቱ 4 ሰዓት ገደማ ነው። ስለዚህ በአንድ ቀን ሁለት ዐይነት ጕዞ ለማድረግ ጊዜ አያንስም።

የምንወጣበት ኮረብታ ኮኒክ ሂል ይባላል፤ ቁመቱም ከባሕር ጠለል በላይ 361 ሜትር ነው። ከ3,000 ሜትር በላይ ከሆነው ከእንጦጦ አጠገብ ያደገ ሰው ይህን ሲሰማ ሊሥቅ ይችላል፤ ነገር ግን መሣቅ አይገባም። የሐይቁ ገጽ ከባሕር ጠለል 8 ሜትር ያህል ብቻ ከፍ ስለሚል፤ ከዳሩ የሚነሣ ሰው የኮረብታውን ቁመት ሁሉ ማለት ይቻላል በእግሩ ይወጣዋል። ከዚህም ሌላ በዚያ አገር ኮረብታን የሚያስፈራው ቁመቱ ሳይሆን ነፋሱና ዝናቡ ነው። የረጠበና ነፋስ የሚመታው ሰው በበጋም ቢሆን ሙቀቱ ቶሎ ይቀንሳል፤ እጁም ይደነዝዛል፤ ማሰብም ያቅተዋል። ስለዚህ በጀርባችን የዝናብ ልብስ፤ ደረቅ ሹራብ፤ ካርታ፤ ፊሽካና ውሃ ይዘን ወጣን።

መንገዱ በመጀመሪያ በጫካ ውስጥ ያልፍና ቀጥሎ በድንጋይ ደረጃ ወደ ላይ ይቀናል። በዚህ ስፍራ የሚሮጥ ሰው የለም ማለት ይቻላል፤ የሠለጠነ ሯጭ እንኳ ዐቀበቱ ሲጠና እጁን በጭኑ ላይ አድርጎ በእርምጃ ይወጣል። የገጠር ሩጫ ከከተማው ሩጫ የሚለይበት አንዱ ነገር ይኸው ነው፤ ፍጥነትን የሚወስነው ሰዓት ሳይሆን መሬቱ ነው። በኮረብታው ላይ ያለው ዐለት ብዙ ክብ ጠጠሮች እንደ ለውዝ ተሰክተውበት የጠነከረ ነው። ሲደርቅ እግርን ይይዛል፤ ሲረጥብ ግን ያንሸራትታል።

በመንገዳችን በጎችና ጠቦቶች ሲግጡ አገኘንና ሩጫውን ትተን በጎን በኩል በእርምጃ አለፍናቸው። ይህም በልማድ ብቻ የሚደረግ አይደለም። በስኮትላንድ በ2003 በወጣውና በ2005 በሥራ ላይ በዋለው ሕግ መሠረት፤ መሬቱ ባለቤት ያለው ቢሆንም እንኳ ማንም ሰው በእግሩ፤ በብስክሌት ወይም በፈረስ ለማለፍ መብት አለው። ግቢና የቤት አጥር፤ የተዘራም ማሳ በዚህ መብት ውስጥ አይገቡም። ከመብቱ ጋር ሦስት ግዴታዎች ታስረዋል፤ ይኸውም የሌላውን ሰው ጥቅም ማክበር፤ ምድሪቱንና ፍጥረቷን መጠበቅ፤ ለራስ ሥራም ራስ ኀላፊ መሆን ነው። ስለዚህ ተዘግቶ የተገኘን የመስክ በር ከፍቶ ያለፈ ሰው መልሶ ሊዘጋው፤ ከብት ባለበት ሊያዘግም፤ ከእግረኛም ጋር ሲገናኝ ሊያሳልፍ ይገባዋል። ልጃችን ይህን ሁሉ በትዕግሥት ሰማ፤ ሦስተኛው ግዴታ ግን ከአንድ ሰዓት በኋላ እርሱን ራሱን ሊፈትነው ነበር።

ከጫፉ ላይ የሚታየው ነገር ድካሙን የሚያስረሳ ነው። ከአራን ደሴት ተነሥቶ አገሩን አቋርጦ እስከ ምሥራቁ ባሕር ዳር እስከ ስቶንሄቨን የሚደርስ ታላቅ የምድር ስንጥቅ በዚህ ኮረብታ ሥር ያልፋል። በስንጥቁ ሰሜን ከፍተኛው የስኮትላንድ ምድር ከነተራሮቹ ቆሟል፤ በደቡቡም ለእርሻ የሚመች ዝቅተኛ አገር ተዘርግቷል። ወደ ሐይቁ የተመለከተ ሰው አራት ደሴቶች፤ ኢንችካይሎክ፤ ቶሪንች፤ ክሪንችና ኢንችመሪን በስንጥቁ መስመር ላይ እንደ ተሰለፉ ያያል። አንድ ሰው ከኮረብታው እስከ ሩቁ ደሴት ገመድ የወጠረ ይመስላል።

ዐሳባችን ከጫፉ አልፈን በኮረብታው ምሥራቅ በኩል በርን ኦቭ ማር እስከሚባለው ወንዝ ድረስ ወርደን ልንመለስ ነበር። ነገር ግን ገና ከሥር ሳለን ከልጃችን ጋር አንድ ውል ተዋውለን ነበር፤ ይኸውም ከአራቱ ደሴቶች ሁለቱ በደመና ከተሰወሩ ሳንከራከር እንድንመለስ ነው። ጫፉ ላይ ቆመን ውሃ ስንጠጣ ከደቡብ ምዕራብ ግራጫ ደመና በሐይቁ ላይ ዝቅ ብሎ መጣ። በመጀመሪያ ሩቁ ኢንችመሪን ጠፋ፤ ጥቂት ቈይቶ ክሪንች ጠፋ። ወደ ምሥራቅ ያለው ሰማይ ግን ገና ብሩህ ነበረ።

ልጃችን «ወደምንሄድበት እኮ ፀሐይ ነው፤ ሰዎች 154 ኪሎ ሜትር ይሮጣሉ፤ እኛ ሁለት ኪሎ ሜትር ወጥተን እንመለስ?» አለ። ዐይኑም እንባ አቀረረ። እኛም ውሉን የተዋዋልነው ሰማዩ ጥሩ ሳለ፤ ልባችንም ሳይሞቅ መሆኑን አስታወስነው፤ ጫፍ ላይ ሲቆሙ ሁልጊዜ የመቀጠል ፍላጎት እንደሚበረታ፤ ውል የሚያስፈልገውም ስለዚህ እንደ ሆነ ነገርነው። አልመለሰልንም፤ ነገር ግን ዞረ። ይህም ለእርሱ ቀላል እንዳልነበረ እናውቃለን።

ቍልቍለቱን ስንወርድ ዝናቡ ከነነፋሱ ደረሰብን። በረጠበ ቍልቍለት ላይ የሚሮጥ ሰው እርምጃውን ማሳጠር፤ ጕልበቱን ማለስለስ፤ ዐይኑንም ከእግሩ ጫፍ ላይ ሳይሆን ሦስትና አራት እርምጃ ወደ ፊት መጣል አለበት። ወደ ኋላ የተለጠጠ ይንሸራተታል፤ ወደ ፊት የቸኰለ ይወድቃል። ድንጋዩ አስጊ በሆነበት ስፍራ ሁሉ በእርምጃ ወረድን። ከሥር ደርሰን ቀና ስንል ኮረብታው ከነጫፉ በጉም ተውጦ አይታይም ነበር። ልጃችን ያን አየ፤ ግን አሁንም ዝም አለ። ደረቅ ልብስ ለብሰን በሶ በጥብጠን ጠጣንና ሌሎቹን ለመገናኘት ወደ ሐይቁ ሄድን።

በ8 ሰዓት ዝናቡ ዐልፎ ነበርና በትንሽ ጀልባ ወደ ኢንችካይሎክ ተሻገርን፤ መሻገሩ የጥቂት ደቂቃ ነገር ነው። ደሴቱ በባሉጥ ዛፍ የተሸፈነ ነው፤ ዛፎቹም በ19ኛው መቶ ዓመት ልጣጫቸው ቈዳ ለማልፋት ይፈለግ ስለ ነበረ ይጠበቁ ነበር። እናታችን በከዘራቸው እየተደገፉ ቀስ ብለው መውጣት ጀመሩ። ባለቤታችን ታናሺቱን ይዛ ወደ ፊት ቀደመች። ልጃችን ያለ ወትሮው ከአያቱ ጋር ወደ ኋላ ቀረ፤ ኵርፊያው ገና አልለቀቀውም ነበርና ከእኛ ጋር መሄድ አልፈለገም መሰለን።

ልጃችን አማርኛ ይሰማል፤ ሲመልስ ግን ብዙ ጊዜ በእንግሊዝኛ ነው። ስለዚህ ከአያቱ ጋር የሚነጋገሩት ከሰላምታና ከምግብ ያለፈ አልነበረም። በዚያ መንገድ ላይ ግን ሌላ አስተርጓሚ አልነበረም። በእጁ ስለ ደሴቱ የሚናገር ወረቀት ይዞ ነበርና እናታችን «ምን ይላል? አንብብልኝ» አሉት። እርሱም ቃል እየፈለገ መተርጐም ጀመረ። የደሴቱ ስም በጌሊክ ቋንቋ የአሮጊት ሴት ደሴት ወይም ራሷን የሸፈነች ሴት ደሴት ማለት ነው አላቸው። «ራሷን የሸፈነች» የሚለውን እንዴት እንደሚያስረዳ ቸግሮት በእጁ ራሱን እየሸፈነ አሳያቸው። እናታችንም ወዲያው «እማሆይ በለኛ! መነኵሲት ማለት ነው። እኛም ዘንድ አሮጊቷንም መነኵሲቷንም እማሆይ እንል የለም?» አሉት።

እናታችን እንዳሉት ነው። በ8ኛው መቶ ዓመት ከንቲጌርና የምትባል የአየርላንድ መስፍን ልጅ በዚህ ደሴት ላይ ከዓለም ተለይታ ኖራለች። ትውፊቱ እንደሚለው ባሏ ከሞተ በኋላ ከልጇ ከቅዱስ ፊላንና ከወንድሟ ጋር አገሯን ትታ መጣች፤ በመጨረሻም ብቻዋን ወደዚህ ደሴት ገብታ በ730ዎቹ ዓመታት ዐረፈች። በኋላ ዘመን በስሟ ቤተ ክርስቲያን ተሠራ፤ የዙሪያውም ሕዝብ እስከ 17ኛው መቶ ዓመት ድረስ በጀልባ እየቀዘፈ ወደዚያ ለጸሎት ይመጣ ነበር። ዛሬ የቀረው የግንቡ መሠረትና የመቃብሩ ስፍራ ነው።

እናታችን ከፍርስራሹ አጠገብ በድንጋይ ላይ ተቀምጠው ብዙ ጠየቁት፤ እንጨት ማን ያመጣላት ነበር? በክረምት ውሃው ሲናወጥ ማን ይጠይቃት ነበር? ልጁስ ከዚያ ወዲህ አይቷት ይሆን? ልጃችን ወረቀቱን አገላብጦ «ይህ አልተጻፈም፥ እማማ» አላቸው። እርሳቸውም ጥቂት ዝም ብለው «እኔም አያትህ ካረፉ ወዲህ ቆብ ልጭን ሳስብ ነው የቈየሁት። ለማንም አልተናገርሁም» አሉት። ልጃችን የሰማውን በትክክል መረዳቱን ለማወቅ ቃሉን መልሶ ጠየቃቸው፤ ከተረዳ በኋላ «እንግዲያው እኔ እየመጣሁ እጠይቅዎታለሁ፤ እንጨትም አመጣለሁ» አላቸው። ያን በአማርኛ ተናገረው፤ ያልተሟላ ቢሆንም ምንም የጐደለው ነገር አልነበረም። እኛ ይህን የሰማነው ማታ ከእናታችን አፍ ነው፤ ሁለት ዓመት በአንድ ቤት ስልክ እየተደዋወልን ያልነገሩንን ለልጁ በመንገድ ዳር ነገሩት።

ከዚህ ቀን የተማርነው ለማንኛውም ቤተ ሰብ የሚጠቅም ይመስለናል። ሯጩን ከአዝጋሚው ጋር ቀኑን ሙሉ አስሮ ማዋል ሁለቱንም ያስመርራል፤ ቀኑን ሙሉ መለያየትም ዕረፍትን የየብቻ ያደርገዋል። ይልቁንስ ቀኑን ሁለት አድርጎ፤ ግማሹን እግር ለፈጠነው፤ ግማሹን እግር ለዘገየው መስጠት ይሻላል። ቅደም ተከተሉም ይህ ይሁን፤ በሩጫ የደከመ ልጅ ከሰዓት በኋላ ከአያቱ ጋር ለማዝገም አይቸገርም። «ለምን አታዘግሙም?» ለሚለው ጥያቄ ልጃችን ባያስበውም መልስ የሰጠው በዚሁ ነው።

ለመውጣት ለሚያስቡ ቤተ ሰቦች ጥቂት ነገሮች እንጨምር። ሶሉ ጥርስ ያለው ጫማ አድርጉ፤ የዝናብ ልብስ ፀሐይ ቢሆንም አትተዉ። የምትመለሱበትን ሰዓትና ምልክት ከሥር ሳላችሁ ቍረጡ፤ ወዴት እንደ ሄዳችሁም ከሥር ለሚቀር ሰው ንገሩ። በቍጥቋጦና በሣር መካከል ከሮጣችሁ ማታ ገላችሁንና የልጆቻችሁን ገላ ለመዥገር መርምሩ፤ መዥገር በዚያ አገር ላይም የሚባለውን በሽታ ሊያስተላልፍ ይችላልና፤ ያገኛችሁትንም በመቈንጠጫ ከሥሩ ይዛችሁ ቀጥ አድርጋችሁ ንቀሉት። አደጋ ከደረሰ 999 ደውላችሁ ፖሊስን፤ ቀጥሎም የተራራ አዳኞችን ጠይቁ፤ እነርሱም ያለ ክፍያ የሚያገለግሉ በጎ ፈቃደኞች ናቸው። ስልክ ባይሠራ በአንድ ደቂቃ ውስጥ ስድስት ጊዜ ፊሽካ ነፍታችሁ አንድ ደቂቃ ዕረፉ፤ ይህንኑም ደጋግሙ።

እናታችን በመስከረም ወደ አዲስ አበባ ተመልሰዋል፤ ስለ ቆቡም ከንስሐ አባታቸው ጋር እየተመካከሩ ነው። ልጃችን በየእሑዱ ማታ ይደውልላቸዋል። በርን ኦቭ ማርን ለማየት ለሚመጣው ሰኔ ቀጠሮ ይዘናል። ለአንባብያንም መልካም የዕረፍት ወራት እንመኛለን።